የማክሰኝቱ ቀይ ሞተር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሕይወት ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። አንድ ሰማያዊ ሞተር ሳይክል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"እማ፣ እዪው እስቲ! ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። የዘንድሮ ቦሎ ተለጥፎበታል፤ ጭስ የለው፣ ዘይት አይበላ።"

ሕይወት መሬት ቀያሽ ናት። ከባሕር ዳር ወጥታ ገጠር ለገጠር ስለምትዞር ሞተር ያስፈልጋታል፤ እኔም አልከለክላትም። መነጽሬን አድርጌ ሥዕሉን ሳየው ቆየሁና ከሻጩ በፊት የማን እንደነበር ጠየቅኋት።

"እሱን ማን ይጠይቃል? በየዓመቱ ምርመራውን አልፏል እኮ" አለችኝ።

የዚያን ዕለት እራት ስንበላ፣ አንድ ጊዜ ስለ አንድ ያገለገለ ሞተር ለመጠየቅ ሐይቁን በአውቶቡስም በጀልባም እንደዞርሁ አጫወትኋት። ለካ እስከዛሬ ነግሬያት አላውቅም። ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ ይኸው ደግሞ ልጽፈው ተቀመጥሁ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው በእንስሳት ጤና ረዳትነት የተቀጠርሁት። መሥሪያ ቤታችን የነበሩት ጥቂት ሞተሮች ከእኔ ቀድመው ለገቡት ተሰጥተው ነበር። ኃላፊያችን ጠርቶኝ የአንድ ወር ጊዜ ሰጠኝና፣ "የራስሽ መጓጓዣ ካለሽ የሐይቁን ዳር ቀበሌዎች እሰጥሻለሁ፤ ከሌለሽ ግን እዚሁ የመድኃኒት ክፍሉን ትይዣለሽ" አለኝ። የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ አምፖል በርቶ ክትባትና የመዥገር መድኃኒት እየቆጠሩ መዋል ነው። እኔ ደግሞ ያንን ትምህርት የተማርሁት ላምና በሬ አጠገብ ለመዋል ነበር።

እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስላረፈች ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ነበሩ፤ ሐይቁ ዳር ባለች ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። ከተማውን በእግራቸው ነው የሚያዳርሱት፤ ባጃጅ እንኳን ካልቸገራቸው አይሳፈሩም። ብስክሌት ስነዳ ምንም ብለውኝ አያውቁም፤ ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት መንዳት ለሴት ልጅ ነውር ሆኖ አያውቅም። ሞተር ልግዛ ስላቸው ግን፣ "እሺ፤ ብቻ እኔም አብሬሽ አየዋለሁ" አሉ። ስለ ሞተር ምንም እንደማያውቁ ስለማውቅ በልቤ ሳቅሁ።

የሚሸጠው ሞተር ዓባይ ማዶ፣ አቶ ፈንታሁን የሚባሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ግቢ ውስጥ ነበር። ቀይ ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፤ የመቀመጫው ቆዳ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ኮሌጅ ሞተር መንዳት ስንማር እንዳሳዩን አስቀድሜ ሞተሩን በእጄ ዳሰስሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰውየው ገዢ ሊመጣ ነው ብለው አላሞቁትም። አንድ ጊዜ ብመታው ተነሣ። ጭሱን አየሁ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝሁ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገባሁ፣ እስከ ድልድዩ ነድቼው ተመለስሁ። ዓባይ ከድልድዩ ሥር ከክረምቱ ገና አልጠራም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ በልቤ ገዝቼው ጨርሻለሁ።

ስመለስ አባቴ ሊብሬውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር እኔ ነኝ ያመሳከርሁት፤ ትክክል ነበር። አባቴ ግን የዓመታዊ ምርመራው ምልክት የሚደረግበትን ገጽ፣ እንደ ድጓ ምልክት፣ ከላይ ወደ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ነበር።

"እዚህ ላይ አንድ ዓመት የለም" አሉ።

አቶ ፈንታሁን ጠጋ ብለው አዩ። "እሱ እኔ ከመግዛቴ በፊት ነው፣ መሪጌታ። ማክሰኝት፣ የባለቤቴን ወላጆች ልንጠይቅ ሄደን ከአንዲት እናት ነው የገዛሁት። ያንን ዓመት ቆሞ ነበር ብለውኛል። እኔ እጅ ከገባ ጀምሮ አንድም ጊዜ ምርመራ አላለፈውም።"

"ለምን ቆመ?"

"እሱን አልጠየቅሁም።"

አባቴ ሊብሬውን ዘግተው በአክብሮት መለሱላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ለጋብቻ ቢሆን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ይኼ አንቺን ይዞ የሚሮጥ ነው፤ አንድ ቤት እንኳን አንጠይቅም?" አሉኝ። አቶ ፈንታሁን ሳቁ፤ ቅር አላላቸውም። የሴትዮዋን ስምና የቤታቸውን ምልክት ነገሩን፤ እስክንመለስም ለሌላ ሰው እንደማይሸጡት ቃል ገቡልን።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ስልክ እንደዛሬ በየእጁ አልነበረምና በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጥቅምት ነው። የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ ሩዙ ቢጫ መምሰል ጀምሯል፤ ቡራቡሬ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ሣር ውስጥ ቆመዋል። እኔ በመስኮት ላሞቹን እያየሁ የትኛዋ ከሳች፣ የትኛዋ ከበደች እላለሁ፤ አባቴ በዝግታ ያዜማሉ። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። መንገዱ ወደ እንፍራንዝ ሲቃረብ ሐይቁ በስተግራ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ደግሞ ብልጭ ይላል። ጉዞው በዚህ ሁኔታ ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ወይዘሮ የሺን ያገኘናቸው ከገበያው ጀርባ፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥቁር አዝሙድ ሲያበጥሩ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያገለደሙ ሴት ናቸው።

"ከባሕር ዳር ነው የመጣነው፣ እሜቴ" አሏቸው አባቴ። "ስለ ቀዩ ሞተር ልንጠይቅዎ ነው።"

ሰፌዱ እጃቸው ላይ ቆመ። "ሞተሩ ምን ሆነ? ሰው ገጨ?"

"ምንም አልሆነም። ልጄ ልትገዛው ፈልጋ ነው።"

ወደ እኔ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ይነሣል?"

"በአንድ ምት ነው የሚነሣ" አልኋቸው።

"እንዴታ!" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "እኔ አይደለሁ ያቆየሁት!"

ወደ ቤት አስገቡን። ዳቦ ቆርሰው፣ ጠላ ቀድተው ካስቀመጡልን በኋላ ነው የነገሩን። ሞተሩ የአንድ ልጃቸው የመልካሙ ነበር። የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ በዚያ ሞተር ያልደረሰበት ቀበሌ የለም። አንድ ቀን፣ ምን እንደነካው ሳይነግራቸው፣ ሥራውን ለቆ ደቅ ደሴት ገዳም ልገባ ነው አላቸው። የሞተሩን ሽያጭ ውክልና ሰጥቷቸው፣ "በዚህ ሳምንት ሽጭው፤ ለችግርሽ ይሁንሽ" ብሎ ሄደ።

"አልሸጥሁትም" አሉ ወይዘሮ የሺ። "ልጅ ነው፤ ይመለሳል አልሁ። መልካሙ ራሱ ነው 'ሞተር ከቆመ ይሞታል' ሲለኝ የኖረው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው መሐል አወጣውና አስነሣዋለሁ።"

"ማን ያስነሣልዎታል?" አልሁ።

"ራሴ ነኛ! መጀመሪያ እግሬን መትቶ ሊሰብረኝ ነበር። ኋላ ለመድሁት። ውዳሴ ማርያም ደግሜ እስክጨርስ ይጮሃል፤ ከዚያ አጠፋዋለሁ። ዶሮዎቹ ይበተናሉ፣ ጎረቤቱ 'የሺ አበደች' ይላል። ይበል! ልጄ ሲመጣ ሞቶ እንዳያገኘው ነው።"

አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረጉ። መንገድ ስላልወጣ ምርመራም አልሄደ፣ ቦሎም አልተለጠፈ። በዓመቱ መልካሙ ቆብ ጫነ የሚል ወሬ መጣ። በዚያው ሰሞን አቶ ፈንታሁን ሲጠይቁ ሸጡላቸው።

እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ በደስታ ጠላዬን አነሣሁ። የጠፋው ዓመት ተገኘ፤ ሞተሩም እንደ ሕፃን ተጠብቆ ነው የኖረው። አባቴ ግን ብርጭቋቸውን መልሰው አስቀመጡና፣ "እሜቴ፣ ልጅዎ ለምን እንደሄደ ነግሮዎት አያውቅም?" አሏቸው።

"አያውቅም። ምን አድርጌው እንደሆን እንጃ።" ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። "ሄጄ እንዳልጠይቀው እንቢ ብሎ አላይሽም ቢለኝስ?"

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አባቴ ደቅ እንደምንሄድ ነገሩኝ። ተቆጣሁ። "አባባ፣ ሞተሩ ደኅና ነው ብለውን የለም?" ስላቸው፣ "እሳቸው የሚያውቁት የቆመበትን ዓመት ነው፤ የሄደበትን የሚያውቀው ልጁ ነው" አሉኝ። ኃላፊያችን የሰጠኝ ጊዜም እየተገባደደ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የገዳማቱን እህል በሚያመላልስ ጀልባ ተሻገርን። ጠዋት ላይ ጣና እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ሌላ ይሆናል። የዳጉሳው ማሳ እስከ ውኃው ጠርዝ ወርዷል፤ ማንጎና ቡና የተተከለበትን ቀጭን መንገድ ይዘን ወጣን። ገዳሙ ሴት አያስገባም። እኔ ከአጥሩ ውጭ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቀረሁ፤ አባቴ ገቡ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ የዳጉሳ ዳቦና ውኃ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡልኝና ሳያዩኝ ተመለሱ።

መልካሙን፣ አሁን አባ ወልደ ማርያምን፣ ሳያቸው ደነገጥሁ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጡም። ቀጭን ናቸው፤ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይስባሉ። ከአባቴ ጋር ወጥተው ከእኔ ትንሽ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ቀዩን ሞተር ነው?" አሉ። መነኩሴ ስለ ዓለም ዕቃ ሲጠየቅ ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ቀድሞ ጓደኛ ወሬ ነው የተቀበሉት። "እናቴ ወዲያው ሸጣው አልነበረም?"

አባቴ ያየነውንና የሰማነውን ነገሯቸው፤ እሑድ እሑድ ግቢ መሐል ያስነሡት እንደነበር፣ ውዳሴ ማርያም እስኪያልቅ ይጮህ እንደነበር፣ 'ልጄ ሲመጣ ሞቶ እንዳያገኘው' እንዳሉ። አባ ወልደ ማርያም መሬት መሬት እያዩ ሰሙ።

"እኔ ለእሷ አልነገርኋትም" አሉ በመጨረሻ። "ሐምሌ ነበር። ከሥራ ስመለስ ወንዙ ሞልቷል። እሻገራለሁ ብዬ ገባሁ። መሐል ላይ ድንጋይ አደናቀፈኝና ሞተሩ እግሬ ላይ ተኛ። ልነሣ ብል አልነሣ አለኝ። ውኃው ደረቴ ላይ ነበር፤ ኋላ አንገቴ ጋ መጣ። 'አምላኬ፣ ብተርፍ ቀሪው ዕድሜዬ ላንተ ነው' አልሁ። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች አይተው በገመድ አወጡኝ። ለእናቴ ኳስ ስጫወት እግሬን ተሰበርሁ አልኋት። ብነግራት ዳግም ከቤት አታስወጣኝም ነበር፤ ኋላ ደግሞ ለመሄዴ ምክንያቱ እሱ ነው ብላ ከእግዜር ጋር ትጣላለች ብዬ ፈራሁ።"

አባቴ ቀስ ብለው፣ "ሞተሩስ?" አሉ።

አባ ወልደ ማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "ሞተሩ ራሱ ደኅና ነው፤ አስፈትቼ አስጠርጌዋለሁ። ሻንሲው ግን ከመቀመጫው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። ጎንደር አስበይጄ ቀለም አስቀባሁት። በዓይን አይታይም፤ ምርመራም ሲያልፍ ነበር። እኅቴ፣ መቀመጫውን አስነሽና ቀለሙን ፍቀሽ እዪው። ብየዳው ካልቻለው አትውጪበት።"

የመድኃኒት ክፍሉ አምፖል ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አመሰገንኋቸው።

ልንነሣ ስንል አባቴ፣ "አባ፣ ይህን ለእናትዎ ልንገራቸው?" ብለው ጠየቁ።

"ንገሯት" አሉ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ፣ "ምንም እንዳላደረገችኝ ንገሯት" አሉ።

እሑድ አቶ ፈንታሁን ግቢ ደረስን። የሰማነውን ነገርናቸው፤ ያልተሸጠ ዕቃቸውን ማጣጣል ነው ብለው ይቆጡናል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መፍቻ አምጥተው መቀመጫውን አነሡ፤ በብርጭቆ ወረቀት ቀዩን ቀለም ይፍቁት ጀመር። መጀመሪያ ብየዳው ወጣ፤ ወፍራምና ጠባሳ የመሰለ። ከጎኑ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ። በጥፍራቸው ተከተሉት። መስመሩ ብረቱን ግማሽ ዞሮታል።

አቶ ፈንታሁን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "ትናንት ሁለቱን ልጆቼን አስቀምጬ ሐይቅ ዳር ወስጃቸዋለሁ" አሉ። ከቤት ውስጥ የልጆቹ ሳቅ ይሰማ ነበር። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጠው ትከሻቸውን ያዟቸው፤ እኔ ቆሜ ያንን ቀጭን መስመር አየሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ አባቴ ያለ ነገር ያንከራትቱኛል ብዬ ያጉረመረምሁት ትዝ አለኝ። አቶ ፈንታሁን ሞተሩን ለማንም አልሸጡትም። አፈራርሰው ደኅና ደኅናውን ለመለዋወጫ ሰጡ፤ ሻንሲውን በመጋዝ አስቆረጡት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ "እንግዲህ ሞተር የሚባል ነገር አይታሰብም ሊሉኝ ነው" አልኋቸው አባቴን።

"ይህን ሞተር ነው እንቢ ያልሁት" አሉ። "ሞተርን አላልሁም።"

የመድኃኒት ክፍሉን ያዝሁ። ግን ኃላፊያችንን ለምኜ፣ ሳምንቱን ለሁለት ከፍዬ፣ በብስክሌት የምደርስባቸውን ቅርብ ቅርብ ቀበሌዎች ደርቤ ያዝሁ። ፀሐይና አቧራ ጠጥቼ፣ የክትባቱን ሣጥን ከኋላዬ አስሬ በሐይቁ ዳር ስመላለስ ከረምሁ። በኋላ ሌላ ሞተር ገዛሁ፤ ስንት ዓመት አገልግሎኛል።

ማክሰኝት ግን ወዲያው ነበር የተመለስነው። አባቴ ስለ ወንዙ ሲነግሯቸው ወይዘሮ የሺ ሞተሩን አልጠየቁም፣ ስእለቱንም አልጠየቁም። "ውኃው ውስጥ ብቻውን ነበር?" ነው ያሉት። ሰዎች በገመድ እንዳወጡት ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው እነዚያን ሰዎች መረቁ። ከዚያ፣ "ያን ሁሉ እሑድ የቀለብሁት ልጄን ሊበላው የነበረውን ነው?" አሉና ሳቃቸው መጣ፤ እየሳቁ አለቀሱ። ምንም እንዳላደረጉት የላከውን ቃል አባቴ ሲነግሯቸው ግን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ለረጅም ጊዜ አልወጡም።

ለጥምቀት ሰሞን ወደ ደቅ ይዣቸው የሄድሁ እኔ ነኝ። ከዚያው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። አባ ወልደ ማርያም ከአጥሩ ወጥተው ሲመጡ እናታቸው መጀመሪያ ያዩት ፊታቸውን አልነበረም፤ እግራቸውን ነው። ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል እሳቸው ቀድመው ያንን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጃቸው ያዙት። "እዚህ ጋ ነው?" አሉ። እኔ ተነሥቼ ወደ ውኃው ወረድሁ፤ የተባባሉትን ከዚያ በላይ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይሄዱ ነበር፤ እስኪደክሙ ድረስ። አሁን ወይዘሮ የሺም አባቴም የሉም።

ሕይወት ታሪኩን ስትሰማ አመሸች፤ ሳህኗ ላይ ወጡ ደርቆ ቀረ። እኔ እንግዲህ የወይዘሮ የሺን ዕድሜ ደርሻለሁ። በዚያ ዘመን ከሁሉ የገረመኝ ከሻንሲው ላይ የወጣው ስንጥቅ ነበር፤ ለዓመታትም ለጓደኞቼ የማወራው እሱን ነበር። ዛሬ የሚከብደኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ማክሰኝት ላይ ምን በድዬው ይሆን እያለች፣ ልጇ ደቅ ላይ ብነግራት ምን ትሆን እያለ፣ አንድ ሐይቅ መሐላቸው አድርገው ተቀምጠው ነበር። አልተጣሉም፤ ይዋደዳሉ። አንዳቸው ለሌላው ፈርተው ነው ዝም የተባባሉት። አባቴ ለእኔ ባይፈሩ ኖሮ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደዚያው ይቀሩ ነበር ብዬ አስባለሁ።